የንግድ መዝገብ በኮምፒዩተርና የማይታዩት ጠባቂዎቹ

የደንበኞችን ስም፣ የዱቤውን ልክና በመጋዘን ያለውን ዕቃ ብዛት በወረቀት መዝገብ መጻፍ ትተው በኮምፒዩተር ዳታቤዝ የሚያስቀምጡ የንግድ ቤቶች ዛሬ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ መዝገብ በማን ትጋት ጸንቶ እንደሚኖር የሚጠይቅ ነጋዴ እምብዛም አይገኝም።

ከነዚህ ዳታቤዞች አንዱ ፖስትግሬስ ይባላል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ተጀመረ። ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲሠራበት፣ የተጻፈበትንም ኮድ እንዲመረምርና እንዲያሻሽል የተፈቀደ ስለ ሆነ ኦፕን ሶርስ ከሚባሉት ወገን ነው። ነገር ግን ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ በአስመጪና በጅምላ ሻጭ እጅ አልፎ ሱቅ እንደሚገባ ሁሉ፣ ይህም ኮድ ወደ ነጋዴው ኮምፒዩተር የሚደርሰው በሌሎች እጅ ነው። በ1993 ኢያን መርዶክ በመሠረተው፣ ዴቢያን በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘንድ፣ አብዛኛዎቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ባለሙያዎች ኮዱን ተረክበው ይፈትኑታል፤ ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር ያስማሙትና ፓኬጅ አድርገው ያወጡታል። የደኅንነት ጉድለት በተገኘ ጊዜም እርማቱን ለተጠቃሚው የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው።

ፖስትግሬስ በያመቱ አንድ ታላቅ እትም ያወጣል፤ እያንዳንዱንም ለአምስት ዓመት ያህል ያርማል። ዴቢያን ደግሞ የሚታደሰው በሁለት ዓመት ገደማ ነው። በ2019 የወጣው ዴቢያን 10 ፖስትግሬስ 11ን፣ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ደግሞ 15ን ይዞ ነበር። በአሮጌው እትም የተጻፈውን መዝገብ አዲሱ በቀጥታ ሊያነበው ስለማይችል፣ የፓኬጁ ጠባቂዎች ሁለቱ እትሞች ባንድ ኮምፒዩተር ጎን ለጎን እንዲሠሩ አድርገዋል። ባለቤቱ መዝገቡን የሚያዛውረው በራሱ ጊዜ ነው፤ ይህም አስተዋይነት ነው።

ከባዱ ችግር ግን ካልተጠበቀ ስፍራ መጣ። ፖስትግሬስ ቃላትን የሚደረድርበትን ሕግ እንደ ልማዱ የሚዋሰው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ይኸውም ጂሊብሲ ከተባለው ክፍል ነው። በ2018 የወጣው የጂሊብሲ 2.28 እትም ይህን ሕግ ለወጠው። በአሜሪካ እንግሊዝኛ አደራደር ቀድሞ «11» ከ«1-1» ይቀድም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን «1-1» ቀዳሚ ሆነ። ነገሩ ኢምንት ይመስላል። የደረሰኝ ቁጥሩን እንዲህ በሰረዝ ለሚጽፍ ነጋዴ ግን ኢምንት አይደለም። ዳታቤዙ ለፍለጋ የሚጠቀምበት ማውጫ በአሮጌው ተራ ተደርድሮ ሳለ ፍለጋው በአዲሱ ተራ ሲካሄድ፣ በመዝገቡ ያለው ደረሰኝ «የለም» ሊባል ይችላል። ይባስ ብሎም አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚከለክለው ማውጫ ይታለላል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንዳች የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም። ጂሊብሲን የሚጽፉት የአደራደሩን ሕግ ለማሻሻል ሠሩ፤ ፖስትግሬስም የተሰጠውን ሕግ ተከተለ። ጉዳቱ የተፈጠረው በሁለቱ መካከል ነው፤ የፓኬጅ ጠባቂውም ሥራ የሚውለው በዚሁ መካከል ነው።

ዴቢያን 10 ይህንኑ ጂሊብሲ ስለ ያዘ፣ ከዴቢያን 9 ወደ እርሱ የተሻገረ ሁሉ የቃላት ማውጫዎቹን እንደ ገና ማሠራት ነበረበት። የፓኬጁ ጠባቂዎች ያዘጋጁት የማዛወሪያ መሣሪያ መዝገቡን ገልብጦ ወደ አዲሱ እትም በሚጽፍበት መንገድ ከተሠራበት ማውጫዎቹ በዚያው አዲስ ሆነው ይወጣሉ። አሮጌውን እትም እንዳለ ትቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ብቻ ያሳደሰ ግን ትእዛዙን ራሱ መስጠት አለበት። በ2024 የወጣው ፖስትግሬስ 17 ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የማይለዋወጥ የራሱን የአደራደር ሕግ ጨምሯል፤ ባለቤቱ ካልመረጠው ግን አይሠራም። እንግዲህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ለማሳደስ ያሰበ የንግድ ቤት ባለሙያውን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይገባዋል፤ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ስፍራ ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ ዳታቤዙ የማንን የአደራደር ሕግ እንደሚከተል፣ ማውጫዎቹም ከእድሳቱ በኋላ መቼ እንደሚሠሩ።