ጉና ላይ ዘንቦ ፎገራ ላይ የሚተኛ ውሃ

በነሐሴ እንፍራንዝን የሚያልፍ መንገደኛ የጣና ዙሪያን ጎርፍ መነሻና መድረሻ ባንድ ቦታ ያያል፤ በምሥራቅ ዝናቡ የሚወርድበት ደጋ፣ በምዕራብ ውሃው የሚተኛበት ሜዳ። አርኖና ጋርኖ ከዚሁ ደጋ ወርደው ጣና ይገባሉ። በደቡብ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነስተው የፎገራን ሜዳ፣ በሰሜን መገጭና ድርማ የደምቢያን ሜዳ ያቋርጣሉ።

ይህን ጎርፍ የሚያመጣው የሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን አይደለም፤ እስከዚህ አይዘልቅም። በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ሶማሌላንድን መትቶ በሶማሌ ክልልም ሰው ገደለ።

የጎንደር ጎርፍ የክረምት ልጅ ነው። ዝናብ አምጪው የአየር መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ እርጥብ ነፋስ ደጋውን ይገጫል፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ቅዝቃዜ፣ ላኒና፣ ባለበት ዓመት ይበረታል። ያለ ላኒናም ግን ይከፋል፤ 1998 ክፉ ዓመት ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ፤ በሳምንቱ የኦሞ ወንዝ ከ360 በላይ ወሰደ። ፎገራና ደምቢያም በዚያው ክረምት ተጥለቀለቁ። የሜዳ ጎርፍ ግን እንደ ደቻቱ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ለቀናት ይተኛል፣ ጎተራውንና ከብቱን ይዞ ገበሬውን ያፈናቅላል። በ2012 ክረምትም ተመልሶ መጣ።

ሰማዩን ብቻ መውቀስ አይገባም። የጉና ተዳፋት እስከ አፋፉ ታርሷል፤ የተሸረሸረው አፈር የርብን ወለል ስለሚያነሳ ወንዙ በመጠነኛ ዝናብም ዳርቻውን ይጥሳል። ሜዳ ላይ ክትር መሥራት ጎርፉን ወደ ጎረቤት ማሳ መግፋት ነው። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የርብ ግድብ ሙላቱን ያበርዳል፤ የመገጭ ግድብ ግን ለብዙ ዓመታት ተጓቷል። ደለሉ ካልቆመ ግድብም ይሞላል።

ፎገሬ ውሃውን ጨርሶ አይጠላም። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ በዚሁ ረግረግ ላይ በቅሎ አካባቢውን አበልጽጓል፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ደለሉን የሚያቆመውን እርከን የሚሠራው ግን የደጋው ገበሬ ነው፤ በጉልበቱ፣ ካለችው ጠባብ መሬት ቀንሶ። ከፎገራ ሩዝ ገቢ ጥቂቱ ለዚህ ሰው ድካም ቢከፈል ፍትሕ ነው፤ ከክትርም ይረክሳል።