የሰንበት ድስት ከፖርቱጋል፦ በፖርቶ ወይን ቀስ ብሎ የበሰለ የበሬ ሥጋ

እንግዳ ሲጠራ ከሉካንዳ የምናዘው አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳውን ሥጋ ነው። ሽንጥና ሻኛ ቀድመው ያልቃሉ፤ ፍሪምባና ወርች ደግሞ ለቅቅል ይቀራሉ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው የፖርቱጋል ደሴት በቴርሴይራ ግን የበዓሉ ድስት የሚሠራው ከዳሌና ከቅልጥም አካባቢ ከተቆረጠ፣ ጅማትና አጥንት ካለው ሥጋ ነው። ለስላሳ የሚያደርገው የሥጋው ዓይነት ሳይሆን ወይኑ፣ ለዘብ ያለው እሳትና ረጅሙ ሰዓት ነው። ይህን አሠራር ወደ ቤታችን ድስት ስናመጣው ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል፦ ወይኑን እንዴት እንደምንመጥን፣ አዲስ አበባ ላይ ለምን ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈልግና ማዕዱን ለምንጋራቸው ሰዎች ምን መንገር እንዳለብን።

ከሸክላ ድስት እስከ ዶውሮ ሸለቆ

የቴርሴይራው ምግብ አልካትራ ይባላል። ሥጋው ባልተቀባ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከአሳማ ጮማ፣ ከቅመምና ከወይን ጋር ይደረደርና ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። በመንፈስ ቅዱስ በዓላት ሰሞን ማሳ ሶቫዳ ከሚባለው ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ዳቦ ጋር ይቀርባል። ለአልካትራ የሚውለው ተራው የገበታ ወይን ነው። ይኸው ቀስ ብሎ የማብሰል ዘዴ በታዋቂው የፖርቶ ወይን ሲሠራ ደግሞ ሌላ ጣዕም ያለው፣ ወፈር ያለና ጠቆር ያለ መረቅ ይሰጣል።

የፖርቶ ወይን የሚመጣው በሰሜን ፖርቱጋል ከሚገኘው የዶውሮ ወንዝ ሸለቆ ነው። የወይን አብቃዩ አካባቢ ወሰን በ1756 በመንግሥት ተከልሎ ነበር፤ በ2001 ደግሞ የላይኛው ዶውሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልዩ የሚያደርገው አጠማመቁ ነው። የወይኑ ጭማቂ መፍላት ከጀመረ በኋላ፣ ስኳሩ ገና ሳያልቅ፣ አልኮሉ 77 በመቶ የሚሆን ከወይን የተጣራ አረቄ ይጨመርበታል። እርሾው ሥራውን ያቆማል፤ ያልፈላው ስኳር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የፖርቶ ወይን ጣፋጭም ጠንካራም ነው፤ አልኮሉ ከ19 እስከ 22 በመቶ ይደርሳል።

ለማብሰያ ውዱን ጠርሙስ መክፈት አያስፈልግም። ሩቢ የሚባለው ወጣቱ ዓይነት ቀይና የፍሬ ጣዕም ያለው ነው። ቶውኒ የሚባለው በእንጨት በርሜል ስለሚቆይ ቡኒ ይሆናል፤ የለውዝና የደረቀ ፍሬ ጣዕምም አለው። ሁለቱም ይሆናሉ። የተከፈተው ጠርሙስ በደንብ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ ለጥቂት ሳምንታት ስለሚቆይ፣ አንዱ ጠርሙስ ለሦስት ጊዜ ማብሰያ ይበቃል።

ፖርቶ ካልተገኘ አክሱሚትን የመሰለ ጣፋጭ ቀይ ወይን መጠቀም ይቻላል። አልኮሉ ከፖርቶ ያነሰና ጣዕሙም የሳሳ ስለሆነ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ወስደው በግማሽ እስኪቀንስ ያፍሉት።

መጠንቀቅ የሚገባው በመጠኑ ላይ ነው። የተለመደው ቀይ ወይን ሙሉ ጠርሙስ ቢገለበጥ ችግር የለውም፤ ፖርቶ ግን ውሃው ሲቀንስ ስኳሩ ስለሚጠናከር መረቁን ሽሮፕ ያስመስለዋል። አንድ እጅ ወይን ለሁለት እጅ የአጥንት መረቅ ጥሩ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ የሚጨመር ጥቂት አቼቶ ደግሞ ጣፋጩን ሚዛን ያስይዘዋል።

ከሉካንዳው ምን ይጠይቁ?

ብዙ የሚንቀሳቀስ የእንስሳ ጡንቻ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ማሰሪያ ይበዛበታል። ይህ ማሰሪያ እርጥበት ባለበት ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ወደ ጄላቲን ይለወጣል። መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውም ለዚህ ነው። ሽንጥ ላይ ኮላጅኑ ጥቂት በመሆኑ ለሰዓታት ቢበስል ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ፍሪምባ፣ ወርች ወይም የቅልጥም ሥጋ ይጠይቁ፤ አንድ ሁለት ቁራጭ አጥንት ከነመቅኑ ቢጨመር መረቁ ይወፍራል። በአሳማው ጮማ ፋንታ ጥቂት የበሬ ጮማ ይበቃል። ሥጋው በትልልቁ፣ የሕፃን ጡጫ በሚያህል መጠን ይቆረጥ፤ በጥቃቅኑ ከተቆረጠ ከመብሰሉ በፊት ይበታተናል።

አዲስ አበባ ላይ ሰዓቱ ለምን ይረዝማል?

በውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት ላይ «ሁለት ሰዓት ተኩል» የሚለውን አምነው የጀመሩ ሰዎች ሥጋው አልበስል ሲላቸው ሉካንዳውን ይወቅሳሉ። ምክንያቱ ግን ከፍታውም ነው። እንደ ፖርቶ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳቱ ቢጨመርም ድስቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ውሃው ብቻ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይመድቡ። ድሬዳዋን በመሰለ ዝቅተኛ ቦታ ከዚህ ያነሰ ይበቃል። መብሰሉን የሚነግርዎት ሰዓቱ ሳይሆን ሹካው ነው፤ ሲወጉት ያለ ትግል ገብቶ ከወጣ ደርሷል።

ፕሬዠር ኩከር ካለ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ነገር ግን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የወይኑ አልኮል መውጫ ስለሌለው፣ ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ወይኑ ክፍት ሆኖ ፈልቶ በግማሽ መቀነስ አለበት።

አሠራሩ (ለ6 ሰው)

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦

- 1.5 ኪሎ ግራም ፍሪምባ ወይም ወርች፣ ከጥቂት አጥንት ጋር
- 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው
- 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የቀለጠ ጮማ
- 4 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ በቀጭኑ የተከተፈ
- 6 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
- 2 ካሮት
- 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ
- 250 ሚሊ ሊትር የፖርቶ ወይን
- 500 ሚሊ ሊትር የአጥንት መረቅ ወይም ውሃ
- 2 ቤይ ሊፍ የሚባለው ደረቅ ቅጠል፣ 3 ፍሬ ቅርንፉድ፣ 1 አጭር ቀረፋ፣ 10 ፍሬ ቁንዶ በርበሬ
- 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ

1. ሥጋውን በዋዜማው ጨው ነስንሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። ከማብሰልዎ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

2. ዘይቱን በደንብ አግለው ሥጋውን ጥቂት በጥቂት እያደረጉ ሁሉም ጎኑ ቡኒ እስኪሆን ይጥበሱ። አንድ ላይ ከተጨመረ ውሃ ያወጣል። የተጠበሰውን ወደ ሳህን ያውጡ።

3. በዚያው ድስት ሽንኩርቱን በመካከለኛ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያቁላሉ። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ወርቃማ ካልሆነ መረቁ አይወፍርም። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ድልሁን ጨምረው ለ3 ደቂቃ ያማስሉ።

4. ወይኑን ይጨምሩ። ድስቱ ሥር የያዘውን ቡኒ ቅሪት በእንጨት ማንኪያ እየፋቁ ያንሱት፤ ዋናው ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ወይኑ በግማሽ እስኪቀንስ ክፍቱን ይፍላ። አልኮሉ በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል የጋዝ ምድጃ ከሆነ ወይኑን ሲጨምሩ እሳቱን ያጥፉት፤ ከዚያ እንደገና ይለኩሱት።

5. ሥጋውን፣ አጥንቱን፣ ቅመሙንና መረቁን ይጨምሩ። ፈሳሹ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ይበቃል። ከድነው በ150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ወይም በጣም ለዘብ ባለ እሳት ላይ ይተዉት። በስሱ መንተክተክ እንጂ መንፈቅፈቅ የለበትም። በየሰዓቱ ከፍተው ሥጋውን ያገላብጡ፤ ፈሳሹ ካነሰ ሙቅ ውሃ ይጨምሩ።

6. ሥጋው ሲለሰልስ ያውጡት። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቅባት ይግፈፉ፤ ቅጠሉን፣ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን ይልቀሙ። መረቁ ማንኪያ ላይ ቀጠን ብሎ እስኪለጠፍ ክፍቱን ያፍሉ። አቼቶውን ጨምረው ጨውን ይቅመሱና ሥጋውን ይመልሱ።

ስለ ድስቱ አንድ ማሳሰቢያ፦ ወይንና ቲማቲም አሲድ ስላላቸው ያልተለበጠ አሉሚኒየም ድስት የብረት ጣዕም ይሰጣል። የማይዝግ ብረት፣ የተለበጠ ብረት ወይም በደንብ የተሟሸ የሸክላ ድስት ይሻላል። ሸክላ ከሆነ ጥብሱንና ቁሌቱን በመጥበሻ ሠርተው ይገልብጡበት፤ ድንገተኛ ኃይለኛ እሳት ይሰነጥቀዋል።

አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል?

«ሲፈላ ይተናል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ለ30 ደቂቃ በስሱ የፈላ ምግብ ውስጥ ከተጨመረው አልኮል 35 በመቶ ያህሉ ይቀራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ 5 በመቶ። ክዳኑ ግጥም ያለ ከሆነ ከዚህ በላይ ሊቀር ይችላል።

በእኛ ድስት ስናሰላው፣ 250 ሚሊ ሊትር ፖርቶ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። 5 በመቶው 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች ይደርሳል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም።

የእኛ ማዕድ ደግሞ የተለያየ ሰው የሚቀርብበት ነው። ሙስሊም ጎረቤት፣ አልኮል የማይቀምስ የፕሮቴስታንት አማኝ፣ ነፍሰ ጡር እህት፣ ሕፃናት፣ መጠጥ ለመተው የሚታገል ወንድም አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ጥያቄው የመቶኛ ጉዳይ አይደለም። ወይን የገባበትን ምግብ ሳይነግሩ ማቅረብ፣ «ትንሽ ናት፣ አትታወቅም» ብሎ ማለፍም የእንግዳን እምነት መጣስ ነው። ስለዚህ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ይንገሩ ወይም ድስቱን ከመጀመሪያው ያለ ወይን ይሥሩት።

ያለ ወይን ሲሠራ 400 ሚሊ ሊትር ስኳር ያልተጨመረበት የቀይ ወይን ፍሬ ጭማቂ በግማሽ እስኪቀንስ ያፍሉና አንድ እፍኝ ዘቢብ ይጨምሩበት፤ መጨረሻ ላይ አቼቶውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያድርጉት። ጣዕሙ ከፖርቶው ጋር አንድ ባይሆንም ጠቆር ያለ፣ ጣፈጥና ኮምጠጥ ያለ መልካም መረቅ ይወጣዋል፤ ማንም ሰው ሳይሳቀቅ ይበላዋል።

አቀራረብ

ከተቀቀለ ድንች ወይም ከሩዝ ጋር ይሄዳል። ቴርሴይራዎች በጣፋጭ ዳቦ እንደሚያጠቅሱት ሁሉ፣ ትኩስ ድፎ ዳቦም መረቁን በደንብ ይጠጣል። ጎኑ ላይ በሎሚ የታሸ ሰላጣ ወይም የተቀቀለ ጎመን ቢኖር የመረቁን ጣፋጭነትና ቅባት ያቀለዋል።

ለሥራ የበዛበት ቤተሰብ ሌላም ጥቅም አለው። ይህ ምግብ ቅዳሜ ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ፣ እሑድ በለዘብታ ቢሞቅ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ የረጋው ቅባትም ላዩ ላይ በቀላሉ ይነሳል። የተረፈው በሹካ ተበጣጥሶ ከመረቁ ጋር ፓስታ ላይ ሲደረግ የሰኞ እራት ይሆናል። በሚቀጥለው የፍስክ ቅዳሜ ሉካንዳ ሲሄዱ ታዲያ ዓይንዎ ፍሪምባው ላይ ይረፍ።