ሮቤል ተክለማርያም፦ የኢትዮጵያ የበረዶ ሸርተቴ ኦሊምፒያን

ስለ አበበ፣ ስለ ምሩጽና ስለ ደራርቱ አውርተን አንጠግብም። የሮቤል ተክለማርያም ስም ግን በኦሊምፒክ ወሬያችን መሀል ብዙም አይነሳም። በክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የተወዳደረ የመጀመሪያውም፣ እስከ ዛሬ ብቸኛውም ሰው እሱ ነው።

የተወለደው አዲስ አበባ፣ ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱበት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ነው። በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ ተማረ። ከተማዋ በ1932 እና በ1980 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሊምፒክን አስተናግዳለች፤ የልደታ ልጅ ኳስ እንደሚለምደው የዚያ አገር ልጅ ሸርተቴ ይለምዳል። ሮቤልም ለምዶ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ቡድን እስከ መወዳደር ደረሰ።

የያዘው የረጅም ርቀቱን ሸርተቴ ነው። ከተራራ ቁልቁል መውረድ ብቻ አይደለም፤ ሜዳውንም አቀበቱንም በሁለት ዘንግ እየገፉ በራስ ጉልበት መጨረስ ነው። የተወዳደረበት 15 ኪሎ ሜትር ከአያት እስከ ልደታ ጣቢያ ያለውን የባቡር መንገድ ያህላል። ተወዳዳሪዎቹ በ30 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ስለሚለቀቁ ትግሉ በአመዛኙ ከሰዓት ጋር ነው።

በረዶ በሌለበት አገር ልምምዱ በባለጎማ ሸርተቴ ይሠራል። አጭር የብረት ዘንግ ነው፤ ፊትና ኋላው ላይ ጎማ አለው። ጫማው ከፊቱ ብቻ ስለሚታሰር ተረከዝ እንደ ልብ ይነሳል። በአንደኛው ዓይነት ላይ ከጎማዎቹ አንዱ ወደ ኋላ ሲሉት ይቆልፋል፤ አቀበት ላይ ተንሸራቶ መመለስ የለም። ፍሬን ግን ብዙዎቹ የላቸውም። ሮቤል አዲስ አበባ አስፋልት ላይ፣ መኪና እየተጋፋ የተለማመደው በዚህ ነው። ድፍረቱ ይገርመኛል።

ከልምምዱ የማያንሰው ድካም የወረቀቱ ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚያውቀው ብሔራዊ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ከሌለ ኦሊምፒክ አይታሰብም፤ አገራችን ደግሞ አልነበራትም። ስለዚህ አትሌቱ ራሱ ፌዴሬሽን በማቋቋም ደከመ።

በየካቲት 2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ይዞ ገባ፤ 83ኛ ወጣ። ያን ውድድር ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ጨርሶታል። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ሮቤል 93ኛ ሆነ። ከአሸናፊዎቹ ብዙዎቹ ከሕፃንነታቸው በረዶ ላይ ያደጉ፣ አሠልጣኝና ሐኪም የተመደበላቸው ናቸው፤ ደረጃው ከዚህ ጋር ተያይቶ ቢነበብ ደስ ይለኛል። ለወርቅ ብቻ የተሠራ ሚዛን እንዲህ ያለውን ሰው አይመዝነውም።

ከዚያ ወዲህ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ሰንደቃችን በክረምት ኦሊምፒክ አልታየም። ኤርትራ ግን ካናዳ ያደገውን ሻነን አቤዳን በ2018 እና በ2022 አሰልፋለች። በስዊድን፣ በኖርዌይና በካናዳ የሚያድጉ የእኛም ልጆች አሉ። የሮቤልን ተተኪ የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን እዚያ ይጀምር።