ስለ ሕፃን ቁርጠትና ስለ እናቲቱ ዕረፍት

ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ወጥቶ ይህን ዓለም ሲቀበል የሚናገረው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እርሱም ልቅሶ ነው። ሲርበው ያለቅሳል፥ ሲበርደው ያለቅሳል፥ ጨርቁ ሲረጥብ ያለቅሳል፥ ሰው ሲናፍቀውም ያለቅሳል። አስተዋይ እናት ይህን ቋንቋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መለየት ትጀምራለች። ነገር ግን ጡት ጠብቶ፥ ደረቅ ጨርቅ ለብሶ፥ በሞቀ ስፍራ ሳለ፥ ምሽት በመጣ ቁጥር እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ፥ እጁን ጨብጦ፥ ፊቱ ቀልቶ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚጮህ ሕፃን አለ። ይህን አገሩ ሁሉ ቁርጠት ይለዋል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚሁ ሕፃን፥ ይልቁንም እርሱን ታቅፋ ስለምታድረው እናት እንናገራለን።

ቁርጠት የሚባለው የትኛው ልቅሶ እንደ ሆነ በመለኪያ የወሰነው ሞሪስ ዌሰል የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ በጤናው የማይጎድለው ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፥ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፥ እንዲሁ እያለ ከ3 ሳምንት በላይ ያለቀሰ እንደ ሆነ ቁርጠታም ይባላል አለ። የዛሬ ሐኪሞች ሳምንቱ እስኪሞላ አይጠብቁም፤ ዕድሜው ከ5 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳትና ሌላ ሕመም ሳይኖርበት፥ ክብደቱም እየጨመረ ሳለ፥ ያለ ግልጽ ምክንያት ደጋግሞ ለረጅም ጊዜ ቢያለቅስ ቁርጠት ይሉታል። ከ5 ሕፃናት 1 ያህሉን ያገኘዋል። ጡት የሚጠባውንም የጡጦ ወተት የሚጠጣውንም አይለይም። ስለዚህ እናቲቱ ወተቷ መጥፎ ስለ ሆነ ወይም አያያዝ ስላላወቀች የመጣ ነው ብሎ እርሷን መውቀስ ከእውነት የራቀ ነው።

ይህ ልቅሶ የራሱ የሆነ የጊዜ ሥርዓት አለው። ቤሪ ብራዝልተን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. የ80 ጤነኛ ሕፃናትን እናቶች የልቅሶውን ሰዓት እንዲመዘግቡ አድርጎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መካከለኛው ሕፃን በቀን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ሲያለቅስ፥ በስድስተኛው ሳምንት ልቅሶው ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን እየቀነሰ ሄደ። ቁርጠትም እንዲሁ ነው፤ በ6 ሳምንት ገደማ ይበረታል፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። ስድስት ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። በአገራችን ልማድ አራስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎው ይገነፋል፥ አጥሚቱ ይፈላል፥ ጠያቂው ይመላለሳል። በክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በ40 ቀኑ፥ ሴቲቱ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ በእስላሙም ቤት 40ው ቀን የአራስነት መፈጸሚያ ሆኖ ይከበራል። በብዙ ቤት ከ40ው ቀን በኋላ እናት ወደ አገሯ ትመለሳለች፥ ጎረቤቱም ወደ ሥራው ይሄዳል። እንግዲህ ረዳት ሁሉ የሚበተንበት ሳምንትና ልቅሶው ከሁሉ የሚበረታበት ሳምንት አንድ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። አራሷ ድካሟ በጸናበት ሰዓት እጅ ያጥራታል።

አሁን ወደ ዳሰሳው እንመለስ። በሰው ቆዳ ውስጥ ቀስ ያለ ለስላሳ ዳሰሳን ለይተው የሚቀበሉ ሥሮች አሉ፤ እነርሱም ከሁሉ ይልቅ የሚነቁት እጅ በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚሆን ዝግታ ሲያልፍባቸው ነው። እናት ልጅዋን ማንም ሳያስተምራት የምታሻሸው በዚሁ ዝግታ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ዳሰሳ ቁርጠትን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን በአግባቡ ሲደረግ ጉዳት የለውም፥ ብዙ ሕፃናትንም ያረጋጋል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ጥፍርን መቍረጥ፥ ቀለበትን ማውለቅ፥ መዳፍን አሻሽቶ ማሞቅ ይገባል። ሕፃኑ ጠብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ እትብቱም ወድቆ የደረቀ ይሁን። ቤቱ ነፋስ የማይገባበት ይሁን። ጩኸቱ ከመበርታቱ በፊት፥ ነቅቶ ረጋ ባለበት ሰዓት መጀመር ይሻላል። ከዚያ በኋላ መዳፍን በሆዱ ላይ አሳርፎ ሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ፥ ከሕፃኑ ቀኝ ወደ ግራው፥ በዝግታ ክብ እያደረጉ ማሻሸት ነው። የትልቁ አንጀት መንገድ ይህ ነውና። ቀጥሎ ሁለቱን ጕልበቶች በእርጋታ ወደ ሆዱ አጥፎ ጥቂት አቆይቶ መዘርጋት ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ፊቱን ካዞረ ወይም ልቅሶውን ካበረታ መተው ነው።

ሁለተኛ፥ ሕፃኑን በክንድ ላይ በሆዱ አስደፍቶ፥ ራሱን ደግፎ ጀርባውን ቀስ እያሉ መዳበስ ይቻላል። ነገር ግን ይህ ነቅቶ በእጅ ላይ ሳለ ብቻ ነው፤ ለእንቅልፍ ሲያስተኙት ዘወትር በጀርባው ይሁን።

ሦስተኛ፥ ማቀፍና ማዘል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በ99 ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፥ እናቶቻቸው ከሌላው ጊዜ አብልጠው ያቀፏቸው ሕፃናት በ6 ሳምንት ዕድሜያቸው ካልተጨመረላቸው ይልቅ ልቅሶአቸው በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በ21 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ የሚያለቅሰውን ሕፃን አቅፎ 5 ደቂቃ ያለማቋረጥ መራመድ፥ ከተኛም በኋላ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ተቀምጦ ቆይቶ ማስተኛት እንደሚጠቅም አመለከቱ። በውጭ አገር ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የሕፃን ማዘያ ከአፍሪካ የተወሰደ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በቶጎ የእናቶችን አስተዛዘል አይታ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘችበት ነው። ስለዚህ አንቀልባችንን እንደ ኋላ ቀር ዕቃ አንየው። የሕፃኑ አፍንጫና አፍ እንዳይሸፈን፥ አንገቱም እንዳይታጠፍ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ከዳሰሳው ጋራ መከልከል የሚገባቸውን እንናገር። ለቁርጠት ተብሎ ቅቤ ማዋጥ፥ ውሃ፥ የስኳር ውሃ ወይም የጤና አዳም ጭማቂ ማጠጣት አይገባም፤ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ሌላ አያሻውም። ልቅሶው ከእንጥል ወይም ከግግ ነው ብሎ ማስቆረጥና ማስወጣትም ደም መፍሰስንና መመረዝን የሚያመጣ፥ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ትዕግሥት ያለቀበት ሰው ሕፃኑን ይዞ የነቀነቀው እንደ ሆነ ነው። የሕፃን ራስ ከባድ፥ አንገቱ ደካማ ስለ ሆነ፥ ለጥቂት ሴኮንድ መነቅነቅ ብቻ በአንጎሉ ውስጥ ደም ያፈስሳል፤ ያሳውራል፥ ሽባ ያደርጋል፥ ይገድላልም። ቁጣ ሲመጣባት የተሰማት እናት ሕፃኑን በማይወድቅበት ስፍራ በጀርባው አስተኝታ፥ 5 ወይም 10 ደቂቃ ደጅ ወጥታ ትንፈስ። በዚያች ጊዜ ማልቀሱ አይጎዳውም። ይህን ያደረገች እናት ልጅዋን የጠበቀች ናት እንጂ ጨካኝ አትባልም።

የእናቲቱም ልብ መጠየቅ አለበት። ከወሊድ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሆድ መባስ የተለመደ ነው፤ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ ሴቶች በዓለም 13 በመቶ ያህሉ፥ በታዳጊ አገሮችም 19.8 በመቶ ያህሉ በአብዛኛው የመንፈስ ጭንቀት የሆነ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል። ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ የሚነሣት፥ ምግብ ያስጠላት፥ ደስታ የራቃት፥ ራሷን ከንቱ የምታደርግ አራስ ሰነፍ አይደለችም፤ ታማለች፥ ሕክምናም አላት። ራሷን ወይም ልጅዋን ለመጉዳት ካሰበች በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ፥ ብቻዋንም አትተው።

ባል ሆይ፥ ከምሽቱ ልቅሶ አንዱን ሰዓት አንተ ተቀበል፤ ከላይ የተጻፈውን ዳሰሳ የአባት እጅም ይሠራዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋራ ሲሰጥ፥ ለአባትም 3 ቀን ይሰጣል። ሦስት ቀን ጥቂት ነው፤ ሌሊቱ ግን ያንተ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ካሉት ምልክቶች አንዱ የታየ እንደ ሆነ ቁርጠት ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ሕፃኑን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። እነዚህም 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፥ አረንጓዴ ትውከት፥ ደም ያለበት ሰገራ፥ ጡት እንቢ ማለት፥ የርግብግቢት ማበጥ፥ መንቀጥቀጥ፥ ወይም ድምፁ ደክሞ ሰውነቱ መዛል ናቸው።

በጎረቤታችሁ 40ውን ቀን ያለፈች አራስ ካለች፥ ክርስትናው አለፈ ብላችሁ እግራችሁን አታሳጥሩ። በ12 ሰዓት ምሽት ሂዱ፤ ሕፃኑን ተቀበሏትና አንድ ሰዓት ትተኛ።