የማይታየውን ጨረር በጋዝ መቁጠር

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ እጅግ አጭር ሞገድ ያለው የአልትራቫዮሌት ጨረር በጋዝ በተሞላ መለኪያ እንዴት እንደሚለካ በማስረዳት፣ በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው የፎቶን ትምህርት ከቀመር ሽምደዳ ወጥቶ በግንዛቤ ላይ እንዲመሠረት መርዳት ነው።

የዚህ ጨረር የሞገድ ርዝመት ከ10 እስከ 121 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከፀሐይ የሚመነጨውን ከባቢ አየር ስለሚውጠው ወደ ምድር አይደርስም፤ በመስተዋትም አያልፍም። በመሆኑም የፀሐይን ጨረር ለመለካት መሣሪያውን ከከባቢ አየር በላይ መላክ ግድ ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በቪ-2 ሮኬት ጋዝ የተሞሉ ቆጣሪዎችን ልከው የፀሐይን ኤክስሬይና አልትራቫዮሌት ጨረር ለክተዋል።

መለኪያው በመሠረቱ ሁለት ኤሌክትሮዶች ያሉት፣ ጋዝ የያዘ ዕቃ ነው። የጋዙ አቶም በቂ ጉልበት ያለው ፎቶን ሲውጥ አንድ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ራሱም አዮን ይሆናል። ኤሌክትሮኑ ወደ ፖዘቲቩ፣ አዮኑ ወደ ኔጋቲቩ ኤሌክትሮድ ሲሳቡ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ለዚህም የጨረሩ ሞገድ ለአርጎን ከ78.7፣ ለኒዮን ከ57.5፣ ለሂሊየም ከ50.4 ናኖሜትር ማጠር አለበት። ከዚህ የረዘመ ሞገድ ያለው የፀሐይ ወይም የመብራት ብርሃን የቱንም ያህል ቢደምቅ አቶሙን አዮን አያደርገውም። ብዙ ተማሪዎች የብርሃንን ድምቀት ከፎቶኑ ጉልበት ጋር የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም፣ ከላይ በተጠቀሱት ጋዞች ውስጥ የተዋጠ አንድ ፎቶን አንድ ኤሌክትሮን ማስገኘቱ ነው። ስለዚህ በሌላ መሣሪያ ማመሳከር ሳያስፈልግ ፎቶኖቹን መቁጠር ይቻላል። ለምሳሌ የተለካው ኤሌክትሪክ 1.6 × 10⁻⁹ አምፔር ቢሆን፣ ይህን ለአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ፣ ማለትም ለ1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ስናካፍል፣ በየሴኮንዱ 10¹⁰ ፎቶኖች እንደተዋጡ እንረዳለን። ሆኖም የፎቶኑ ጉልበት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ የወጣው ኤሌክትሮን ሌላ አቶም ገጭቶ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ሊያስወጣ ስለሚችል ቆጠራው ከእውነተኛው ይበልጣል።

ጋዙና መስኮቱ በጥምረት ጨረርን መምረጥም ይችላሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ አዮን የሚሆነው ከ134 ናኖሜትር ባጠረ ሞገድ ሲሆን፣ የሊቲየም ፍሎራይድ መስኮት ደግሞ ከ105 ናኖሜትር ገደማ ያጠረውን ያግዳል። ስለሆነም መለኪያው በሁለቱ መካከል ያለውን፣ በተለይም የሃይድሮጅንን የ121.6 ናኖሜትር ጨረር ለይቶ ያያል።

መሣሪያው በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ባይኖርም፣ መምህሩ ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ ነድፎ ከላይ ያለውን ስሌት ተማሪዎች ራሳቸው እንዲሠሩት ማድረግ ይችላል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ይህን ምሳሌ ከፎቶ ኤሌክትሪክ ትምህርት ቀጥሎ ቢያስገቡት፣ ፎቶን የሚቆጠር ነገር መሆኑን ተማሪው በራሱ ስሌት ያረጋግጣል።