ማተሚያዬ ማንኪያ ነው

ሊኖከት የሚለውን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ሥራውን ያውቀዋል። ማኅተም ማለት ነው። የተቦረቦረው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ጎልቶ የቀረው ቀለም ይዞ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። እዚህ ግን የሚቀረጸው የመሥሪያ ቤት ስም ሳይሆን የፈለጋችሁት ሥዕል ነው።

ስሙ የመጣው ሊኖሊየም ከሚባለው የወለል ምንጣፍ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሲፈጥረው ዋናው ግብአት የተልባ ዘይት ነበር። አዎ፣ በጾም የምንፈተፍተው ተልባ! እኛ ቤት የተነጠፈው ግን ፕላስቲክ ነው፤ ለእጅም ለምላጭም አይመችም። ስለዚህ ያረጀ ሸበጥ እጠቀማለሁ። ሶሉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አስተካክለዋለሁ። ቀጭን መስመር አይችልም፣ ደፈር ያለ ሥዕል ነው የሚወደው።

መቅረጫው ከተሰበረ ጃንጥላ ይወጣል። አንዳንዱ የጃንጥላ ሽቦ ውስጡ እንደ ቦይ ነው፤ ጫፉን በሞረድ ስለው የእንጨት እጀታ እገጥምለታለሁ። ሌላኛው እጃችሁ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሥዕሉን በእርሳስ ወረቀት ላይ ሥሉና ገልብጣችሁ ሶሉ ላይ እሹት። እርሳሱ ተገልብጦ ይቀመጣል፣ ሲታተም ደግሞ ይቃናል። ፊደል ካለበት ይሄን አትዝለሉ። «ሀ» እና «ዐ» ቢገለበጡም ግድ የላቸውም፣ ብዙው ፊደል ግን ያሳብቃል።

ቀለሙን መስታወት ላይ በትንሿ ሩሎ በስሱ እዳምጣለሁ። ስስ መሆኑን ጆሮ ይነግራችኋል፤ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ያሰማል። ቀለሙ ሲበዛ የቦረቦራችሁት ሁሉ ይደፈናል። ከዚያ ወረቀቱን አልብሶ ጀርባውን በማንኪያ ማሸት ነው። ስስ ወረቀት ይሻላል። በዘይት የተሠራ ቀለም ለመድረቅ ቀናት ስለሚፈልግ፣ ሥዕሎቼ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ከካልሲ ጋር ይሰነብታሉ። ዕቃውን በምግብ ዘይትና በጨርቅ አጸዳለሁ።

አሁን የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ይምጣ። ቅርጹ ላይ 6 ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያዋ ቅጂ ይሄን ሁሉ ድካም ትሸከማለች፤ ሁለተኛዋ ግን የምትፈልገው ወረቀት፣ ጠብታ ቀለምና የክንድ ጉልበት ብቻ ነው። ናሚቢያዊው ጆን ሙአፋንጄሎ (1943–1987 እ.ኤ.አ.) ስሙ ከአገሩ አልፎ የወጣው በጥቁርና ነጭ ሊኖከት ነው፤ ቃላቱን ሳይቀር ሥዕሉ ውስጥ ይቀርጽ ነበር።

ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። ልማዱ ከሥር በእርሳስ 3/15 ብሎ መጻፍ ነው፤ ከ15ቱ ሦስተኛዋ ማለት ነው። 15 ሲሞላ ቅርጹ ይበላሻል። ይሄ እንግዲህ ሆን ተብሎ የሚፈጠር እጥረት ነው። ሥዓሊ ጓደኛዬ «ቁጥር ካልጻፍክ ማን ያከብርሃል?» ይለኛል። እውነት አለው፤ አንዳንድ ገዢ ሲያየው «ይሄማ ፎቶ ኮፒ ነው» ብሎ ያልፋል። በእጅ የታሸ ሁለት ቅጂ አንድ ዓይነት እንደማይወጣ ማስረዳት አድካሚ ነው።

ግን ሰፈራችን ቡና የሚያፈሉት እትዬ የጀበናዋን ሥዕል አይተው «ለእኔስ ስንት ነው ልጄ?» ሲሉኝ፣ 15ኛው ትናንት ተሸጧል ልበል? ለጋለሪ ከሆነ ቁጥር ልጻፍ እችላለሁ። ለሰፈር ግን ፊርማ ብቻ፣ ቁጥር የለም፣ ቅርጹም አይበላሽም። ዋጋውም የወረቀቱ፣ የቀለሙና የትንሽ ድካሜ ነው። ጓደኛዬ በዚህ እስካሁን አልተስማማም።

እትዬ ሦስት አዝዘዋል፤ አንዱ ለልጃቸው ቤሩት ይላካል።