ከዶከር ኮምፖዝ ወደ ኩበርኔቲስ ስለ መዛወር

በዶከር ኮምፖዝ የሚሠራ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ኮንቴይነሮች የተገጣጠመ መሆኑ የታወቀ ነው። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ቤተ መጻሕፍት የተሠራ መዝገብ ለአንባቢው የሚታየው ድረ ገጽ፤ የፖስትግሬስ የመረጃ ቋት፤ መጽሐፍ ላዘገየ ሰው ማስታወሻ የሚልክ ሦስተኛ ክፍል ይኖሩት ይሆናል። ሦስቱም በአንድ ፋይል ተጽፈው በአንድ ትእዛዝ ይነሣሉ። ዳሩ ግን የተቀመጡበት ኮምፒውተር የተበላሸ እንደ ሆነ ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ።

ኩበርኔቲስ ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የገለጠው መሣሪያ ሲሆን፣ ስሙ በግሪክ ቋንቋ የመርከብ መሪ ያዥ ማለት ነው። «የድረ ገጹ ሦስት ቅጂ ይኑር» ተብሎ ከተጻፈለት፣ በሥራ ላይ ያለውን ከተጻፈው ጋር ዘወትር እያስተያየ የጎደለውን ይተካል፤ አንዱ ኮምፒውተር ቢጠፋም ቅጂውን በሌላው ላይ ያስነሣዋል።

የኮምፖዝን ፋይል ወደ ኩበርኔቲስ ጽሑፍ የሚለውጥ መሣሪያ አለ፤ ስሙም በአነጋገር ያው ኮምፖዝ ነው፣ በኬ ፊደል ከመጻፉ በቀር። ለመነሻ ይረዳል እንጂ ሥራውን አይጨርስም። በኮምፖዝ «ይህ ከዚያ በኋላ ይነሣ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ በኩበርኔቲስ ግን በተለያዩ ፖዶች መካከል እንዲህ ያለ ተራ የለም። ስለዚህ ድረ ገጹ የመረጃ ቋቱን ባያገኝ ደጋግሞ እንዲሞክር ሆኖ መጻፍ አለበት። ዝግጁነትን የሚጠይቀው ምርመራ ያልተሳካለትን ፖድ ከተጠቃሚዎች ጥያቄ ለጊዜው ያገለዋል፤ ሕይወትን የሚጠይቀው ግን ኮንቴይነሩን ገድሎ እንደገና ያስነሣዋል። የመረጃ ቋቱን ጥያቄ በሁለተኛው ውስጥ ያስገባ ሰው፣ ቋቱ ጥቂት ጊዜ በዘገየ ቁጥር ደኅናዎቹን ድረ ገጾች ሁሉ ያስገድላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመረጃው ነገር ነው። በኮምፖዝ ጊዜ መዝገቡ በዚያው ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ይቀመጥ ነበር። ፖድ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚዛወር፣ ከእርሱ ተለይቶ የሚኖር ማከማቻ በጽሑፍ ሊጠየቅለት ይገባል። ይህም ማከማቻ በራሱ በኩበርኔቲስ ጥያቄ የተፈጠረ እንደ ሆነ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር፣ መጠየቂያው ሲሰረዝ መረጃውም አብሮ ይጠፋል። አስቀድሞ «ይቆይ» የሚለውን ደንብ መጻፍ ያስፈልጋል። የፖስትግሬስን ቅጂ ሁለት ማድረግም መጠባበቂያ አያስገኝም፤ የመገልበጡ ሥራ ለብቻው ካልተዘጋጀ ሁለት የማይተዋወቁ መዝገቦች ይሆናሉና። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ድረ ገጹን አስቀድሞ አዛውሮ፣ ቋቱን በነበረበት ቢተወው ይሻላል።

ቋቱ የሚዛወርበት ቀን ሲደርስ መጻፍ ይቁም፤ በፒጂ ደምፕ ግልባጭ ይወሰድ፤ በአዲሱ ቦታ ከተመለሰ በኋላ የመዝገቡ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ተጠቃሚዎች የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ ቋት አንድ ውሰት ከመዘገበበት ሰዓት ጀምሮ፣ ወደ አሮጌው መመለስ ያንን ውሰት መጣል ይሆናል።